ጤነኞች የተኙበት ሆስፒታል

የከተማችንን ሆስፒታል ያቆሙት ሦስት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሐኪም፣ ሕዝቡ «ዶክተር ቀጥ» ይላቸው የነበሩት፣ ጎንበስ የሚሉት የበሽተኛ ደረት ለማዳመጥ ብቻ ነበር፤ ለሹም አይጎነበሱም፣ ለባለጸጋም አይጎነበሱም። የመጀመሪያዋ ዋና ነርስ «እማማ አንሶላ» ይባሉ ነበር፤ ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው፤ እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ኖሩ። በየማለዳው በአልጋዎቹ መካከል እየተመላለሱ አንሶላውን በመዳፋቸው ይዳብሱ ነበርና፣ አንዲት ጭምድድ ያለች ቦታ ካገኙ አልጋውን እንደገና ከፍራሹ ጀምሮ ያሠሩ ነበር። ሦስተኛው ወላጅ አባቴ ናቸው። የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ከእጃቸው አንድ ጥቅል ፋሻ ሊቀበል የመጣ ሰው ኮቱን ቆልፎና ፀጉሩን አበጥሮ መቅረብ ነበረበት።

እነዚህ ሰዎች አንድ ሥርዓት ተከሉ። ባዶ አልጋ ሁሉ በየማለዳው እንደ አዲስ ይነጠፋል። የተኛበት ሰው ይኑርም አይኑርም አንሶላው ይለወጣል፣ ትራሱ ይደላደላል፣ ብርድ ልብሱ በግርጌ በኩል ይታጠፋል። አንድ አዲስ ተቀጣሪ «ትናንት ማንም ያልተኛበትን አልጋ ዛሬ ለምን እንደገና እናነጥፋለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እማማ አንሶላ «የሚተኛበት ሰው መንገድ ላይ ስለሆነ» ብለው መለሱለት። ይህ ንግግራቸው በከተማው ውስጥ ከእሳቸው ዕድሜ በላይ ኖሯል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በትምህርት ቤት ርእሰ መምህርነት ሲሆን፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሆስፒታሉ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኛለሁ። አሁን የማወጋችሁን ጉዳይ በዓይኔ ያየሁት፣ ከፊሉንም በገዛ አፌ የተከራከርሁት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደም ግፊቴን ልለካ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ፣ ከአናጺው ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። አናጺው ጎረቤቴ ነው፤ ሙሉ ቁም ሣጥን ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ያየሁት፣ በሽታ የሚባል ነገር ደጁን ረግጦ የማያውቅ ሰው። በብብቱ ውስጥ ትራስ ይዟል።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ!»

«እንደምን ዋልህ። ትራስ ይዘህ ወዴት ነው?»

«ሆስፒታል፤ ልተኛ።»

ደነገጥሁ። «ምነው፣ ምን አመመህ?»

«ገና አልተነገረኝም።»

«ማን ነው የሚነግርህ?»

«ሥራ አስኪያጁ ነዋ። ለእኔ ወገብ ሳይሆን አይቀርም። ፀጉር አስተካካዩ ጨጓራ ደርሶታል። ዳቦ ጋጋሪዋ ራስ ምታት ብትባል ‹እሱማ የየዕለቱ ነው፣ ሌላ ስጡኝ› ብላ ተጣላች አሉ።»

ጃንጥላዬን ተደግፌ ቆምሁ። «ምን ጉድ ነው የምታወራው?»

«አልሰሙም እንዴ? ነገ ማለዳ ከጤና ቢሮ ገምጋሚ ትመጣለች። ሆስፒታሉን ባዶ ካገኘችው ዘግታው መሄዷ ነው። ስለዚህ እኛ እንሞላዋለን፤ ዛሬ አድረን አልጋውን ካልለመድነው ደግሞ ነገ ያስታውቅብናል።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እርስዎም ቢመጡ ጥሩ ነበር፤ ፊትዎ ለበሽተኛ ይመቻል። ትራስ ግን ከቤትዎ ይያዙ፤ የዚያ ቤት ትራስ ቀጭን ነው።»

የኮቴን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈተሽሁ። ንዴቴን ለመዋጥ የማደርገው ይህንን ነው። ከዚያም «ቅደም፣ እከተልሃለሁ» አልሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከዚህ ቀደም መንግሥት ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ተኝቶ በታከመ ሰው ልክ ነበር። ይህ አከፋፈል አልጋው ለማይበርድለት ትልቅ ሆስፒታል ይስማማል። እንደ እኛ ላለው ግን ኑሮን የሚያናጋ ነው፤ የአገሩ ሕዝብ ጥቂት ነውና ሳምንቱ በሦስትና በአራት በሽተኛ ሊያልፍ ይችላል። በሽተኛው ሲቀንስ ግን የማታዋ ነርስ ደሞዝ አይቀንስም፤ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አይቀንስም፤ የኦክስጅን ሲሊንደሩም ግማሽ ሆኖ አይገዛም። ስለዚህ ሆስፒታላችን በየዓመቱ እየጎደለበት ሄዶ፣ የማታው አገልግሎት ይዘጋል፣ አዋላጇም ወደ ሌላ ትዛወራለች የሚል ወሬ መናፈስ ጀምሮ ነበር።

በዚህ መካከል መንግሥት የወጪ መተኪያ የሚባል ደንብ አወጣ። ከሌላ ሆስፒታል ርቆ ያለ፣ አልጋው ጥቂት የሆነ፣ በሩን ሌሊትና ቀን የማይዘጋ፣ በሽተኛውን በአጭር ጊዜ አክሞ የሚያሰናብት ወይም አረጋግቶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልክ ትንሽ ሆስፒታል፣ ክፍት ሆኖ ለመኖር ያወጣው እውነተኛ ወጪ ተጣርቶ በየሩብ ዓመቱ ይተካለታል። ቦርዳችን ይህ እንዲፈቀድለት አመልክቷል። ገምጋሚዋ የምትመጣውም ለዚሁ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የታናሽ ወንድሜ ልጅ ነው። በዚሁ ሆስፒታል ተወልዶ፣ በእኔ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ፣ በትልቁ ከተማ የሥራ አመራር ተምሮ ተመለሰ። ልጁ ብሩህ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ ግን ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ቤተሰባችን ይህንን ከማን እንደወረሰው ሲጠየቅ ሁሉም ወደ እኔ ይመለከታል።

ወደ መኝታ ክፍሉ ስገባ ያየሁትን አልረሳውም። ከአሥራ ስድስቱ አልጋዎች ከአንዷ በቀር ሁሉም ሞልተዋል። ፀጉር አስተካካዩ በጨጓራ ሕመም ተኝቶ፣ ከጎኑ የተኛውን ጫማ ሠሪ ጢም እየቀነሰለት ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ከሥራ በቀጥታ የመጣች በመሆኗ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ታቃስታለች፣ ባቃሰተች ቁጥርም ራሷን ሳቅ ያመልጣታል። እውነተኞቹ በሽተኞች ሦስት ብቻ ነበሩ። ከነሱ አንዷ፣ የሳንባ ምች ይዟት የነበረች አሮጊት፣ ተነሥታ ተቀምጣ «እንዲህ ያለ ጨዋታ ያለበት ቤት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ እታመም ነበር» ትላለች።

ዋናዋ ነርስ በሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ሲስተር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ የለሁበትም። ከእነጫማቸው ነው የተኙት።»

አናጺው በዚህ መካከል ባዶ የቀረችውን የመጨረሻ አልጋ አግኝቶ ወጣባት። ከሱሪው የረገፈው ሰጋቱራ ነጩን አንሶላ አለበሰው። እማማ አንሶላ በሕይወት ቢኖሩ ምን ያደርጉ እንደነበር አሰብሁ።

የወንድሜን ልጅ ቢሮው ውስጥ አገኘሁት።

«ጋሼ! ይቀመጡ።»

«ቆሜ እናገራለሁ። ያ የተኛው ሕዝብ ምንድን ነው?»

«በሽተኛ ነው።»

«ጨጓራውን ያመመው ሰው ተኝቶ ሰው እየላጨ ነው።»

አንገቱን ደፋ። ሳቁን እንደዋጠ አወቅሁ፤ እኔም የራሴን ዋጥሁ።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለ ቀና ብሎ። «ደንቡን አንብቤዋለሁ። ያማረ ነው። ግን ገምጋሚዋ ሰው ናት፤ የምታየው በዓይኗ ነው። ተራ በተራ ባዶ አልጋ ስታይ በልቧ ‹እነዚህ ሰዎች ምን ይሠራሉ?› ማለቷ አይቀርም። መንግሥት ማንም ላልተኛበት አልጋ ይከፍላል ብለው ከልብዎ ያምናሉ?»

«ለአልጋው አይከፍልም። ለበሩ ነው የሚከፍለው።»

«ለየትኛው በር?»

«ሌሊትና ቀን ለማይዘጋው። እስቲ ልጠይቅህ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ደሞዙን የሚቀበለው ቤት በተቃጠለ ቁጥር ነው?»

«አይደለም።»

«ቢሆን ኖሮስ?»

«ቤት ሳይቃጠል የቀረበት ወር ይቸገር ነበር።»

«ተቸግሮም ዝም አይልም። አንድ ቀን ክብሪት ይዞ ይወጣ ነበር። በበሽተኛ ቁጥር የሚከፈለው ሆስፒታልም እንዲሁ ነው፤ ሲጨንቀው የሚድነውን ሰው ያቆየዋል፣ ወደ ቤቱ መሄድ የሚችለውን ‹አንድ ቀን ጨምር› ይለዋል። አንተ ደግሞ ከዚህም አልፈህ ጤነኛውን ከመንገድ እየጠራህ አስተኛህ። ልጄ፣ ክብሪቱ ያለው በአንተ እጅ ነው።»

ፊቱ ቀላ። እንደ መምህር አንድ ነጥብ እንዳገኘሁ ተሰማኝ፤ ነገር ግን ተማሪ የነበረ ሰው ሥራ አስኪያጅ ሲሆን እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም።

«ጋሼ፣ ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገር።»

«እርስዎ ለትምህርት ሲሟገቱ ኖሩ፤ አከብርዎታለሁ። ግን በወር መጨረሻ በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ነዳጅ አቅራቢው እዚያ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያዞረ ይጠብቀኛል። የማታዋ ነርስ ‹ለቤት ኪራይ ብቻ እንኳ› ትለኛለች። ለማን ምን እንደምል እስኪጠፋኝ በጓሮ በር የወጣሁበት ቀን አለ። ደንብ ተስፋ ይሰጣል፤ ተስፋ ግን ጄኔሬተር አያስነሳም።»

እውነቱን ነበር። በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

«ልክ ነህ» አልሁት። «ያንን አላየሁም።»

ይህን ከእኔ አፍ ይሰማል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደግሞም ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ነገር ልመና ይመስለኛል። አያቴ በዚህ ቤት ውስጥ ያን ያህል ተከብረው የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው የልጅ ልጅ ‹እባካችሁ ጎደለብን› ብሎ እጁን ሲዘረጋ እንዴት ይሆናል?»

በዚህ ጊዜ ተቀመጥሁ። አባቴ ሲጠሩ ቆሜ መናገር አልችልም።

«አያትህ በየወሩ ምን ያደርጉ እንደነበር ታውቃለህ? ባዶውን የመድኃኒት ጠርሙስና ባዶውን ካርቶን አስጠርገው፣ በመኪና አስጭነው፣ ወደ ዋናው ግምጃ ቤት ይልኩ ነበር። ባዶው ሲደርስ በምትኩ ሙሉው ይመጣል። አንድ ቀን ‹አባባ፣ ባዶ ዕቃ መላክ አያሳፍርም?› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹የሚያሳፍረው ያልተጠቀሙበትን መደበቅ ነው፤ ይህ ለበሽተኛ የዋለ ነው› አሉኝ። ያወጣነውን አሳይተን መተኪያውን መቀበል ልመና አይደለም። ልመና የሚሆነው ያላወጣነውን አውጥተናል፣ ያልታመመውን ታሟል ስንል ነው። እንዲያውም ያ ልመና ከመሆኑም አልፎ ሌላ ስም አለው፤ በፊትህ አልጠራውም።»

መስኮቱን ማየት ጀመረ። ከመኝታ ክፍሉ የሰዎች ሳቅ ይሰማ ነበር። ወዲያው ሳይዞር እንዲህ አለኝ፦

«ባለቤቴ ወር አልቀራትም።»

«አውቃለሁ።»

«አዋላጇ ከተዛወረች የሚቀርበው ሆስፒታል የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ድልድዩ ይዘጋል። ምጥ መቼ እንደሚመጣ ቀጠሮ የለውም።» ወደ እኔ ዞረ። «ፈርቼ ነው ጋሼ። እነዚያን ሰዎች ያስተኛኋቸው ፈርቼ ነው።»

አንጀቴን በላው። በዓይኔ የመጣው ሥራ አስኪያጁ አልነበረም፤ አጭር ሱሪ ለብሶ፣ እርሳሱ ተሰብሮበት፣ ሊያለቅስ ሲል የሚነክሳት የታችኛዋ ከንፈሩ ነበረች። ልጆች ሲያድጉ የሚለወጠው ቁመታቸው ብቻ ነው።

«የፈራኸው ተገቢ ነው» አልሁት። «መድኃኒቱን ግን ተሳስተሃል። ገምጋሚዋ ነገ አሥራ ስድስት ሙሉ አልጋ ብታይ ምን ትል ይመስልሃል?»

«ይህ ሆስፒታል ያስፈልጋል ትላለች።»

«አትልም። ‹ይህ ሆስፒታል ሞልቷል፤ የወጪ መተኪያው ለእሱ አልተሠራም፤ እንደ ትልልቆቹ በበሽተኛ ቁጥር ይከፈለው› ትላለች። አንተም በየወሩ አናጺውንና ፀጉር አስተካካዩን ስታስተኛ ልትኖር ነው።»

«እንዲያ ካለች ያኔ እንከራከራታለን» አለ። ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ከግቢው ጩኸት ተሰማ።

ሮጠን ወጣን። ጣሪያ ጠጋኙ ከመሰላል ወድቆ፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ፣ ደም እየፈሰሰው፣ ሁለት ሰዎች በበር መዝጊያ ላይ አስተኝተው አምጥተውታል። ሲስተር ወዲያው እግሩን አሰረችለት፤ ወደ ቃሬዛ አዛወሩት። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ጉልበቱ አልቆ ስለነበር የወንድሜ ልጅ የቃሬዛውን ኋላ ያዘ፤ ሌላው የፊቱን ጫፍ ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ገቡ።

ገብተውም ቆሙ። የሚያሳርፉበት ቦታ አልነበረም።

በዚያች ቅጽበት የሆነው ያስቃል፣ ያሳዝናልም። የተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈወሰ። ጨጓራው፣ ወገቡ፣ ራስ ምታቱ ከአልጋ ዘለለ። አናጺው «በእኔ ላይ አስተኙት!» ብሎ ጮኸ፤ አልጋውን ማለቱ ነበር። ሲስተር ግን ወደ አልጋው አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሰጋቱራ ነው። ወደሚቀጥለው ሄደች፤ የጫማ ጭቃ ነው። ቀጥላም ሄደች፤ ዱቄት ነው። ሌላውን ገለጠች፤ የተላጨ ጢም ነው። የተከፈተ ቁስል የሚያርፍበት አንድ ንጹሕ አልጋ በዚያ ሁሉ አልጋ መካከል አልተገኘም።

«አንሶላ!» አለች ሲስተር። «አንሶላ አምጡ! ፍራሹን ገልብጡልኝ!»

አንሶላው እስኪመጣ፣ ፍራሹ እስኪገለበጥ፣ አልጋው እስኪነጠፍ ድረስ የወንድሜ ልጅ የቃሬዛውን እጀታ ይዞ ቆሞ ነበር። ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ይወርዳል፤ እንዳይጠርገው እጁ ተይዟል። የቆሰለው ሰው ወደ ላይ አይቶ «ጌታዬ፣ አልጋ የለም እንዴ?» ሲለው ሰማሁ።

የወንድሜ ልጅ ከንፈሩን ነከሰ።

ሰውዬው በመጨረሻ ተኛ፤ ሐኪሙም መጥቶ ሥራውን ሠራ። ማንም የሄደ ሰው አልነበረም። በኮሪደሩ ውስጥ ከነትራሳቸው ተደርድረው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ወለሉን ያያሉ። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀድማ ተናገረች።

«የት ነው ልብስ የሚታጠበው? ያቆሸሸ ያጽዳ።»

ከሰዓት በኋላው በዚህ አለቀ። ዳቦ ጋጋሪዋና ጫማ ሠሪው አንሶላ አጠቡ፤ ፀጉር አስተካካዩ ወለል ጠረገ፤ መጥረግማ ሙያው ነው። አናጺው ከቤቱ መሣሪያ አምጥቶ የሚንቀጠቀጠውን የአልጋ እግር ሁሉ አጠበቀ። ሲስተር አልጋዎቹን ስታነጥፍ የወንድሜ ልጅ በሌላው ጫፍ አንሶላውን ይወጥርላት ነበር። እኔና እሱ ስለ ክርክራችን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በማግሥቱ ማለዳ ገምጋሚዋ መጣች። መነጽር ያደረገች፣ የምትናገረው ጥቂት፣ የምታየው ብዙ የሆነች ሴት ናት። ጄኔሬተሩን አስነሥታ አዳመጠች፤ የኦክስጅኑን ሲሊንደር ከፈተች፤ የማዋለጃ ክፍሉን መብራት አበራች፤ የማታዋን ነርስ «ሌሊት ሰው ሲመጣ በሩን ማን ይከፍታል?» ብላ ጠየቀቻት። በመጨረሻ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። ጣሪያ ጠጋኙና ሦስቱ በሽተኞች በየአልጋቸው ናቸው። የቀሩት አልጋዎች ነጭ ሆነው፣ ተነጥፈው፣ ብርድ ልብሳቸው በግርጌ ታጥፎ ተደርድረዋል።

ገምጋሚዋ ወደ ወንድሜ ልጅ ዞረች። «ይህን ያህል አልጋ ለምን ባዶ ሆነ?»

ከመስኮቱ ውጪ የአናጺውና የዳቦ ጋጋሪዋ ራስ ተደርድሮ ይታያል።

የወንድሜ ልጅ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያም ወደ ጣሪያ ጠጋኙ አልጋ አየ። «የሚተኙባቸው ሰዎች መንገድ ላይ ስለሆኑ ነው» አላት።

ከዚያ በዝግታ ወደ አንዱ ባዶ አልጋ ሄዳ አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰች። አለቀስሁ አልልም፤ መነጽሬን ግን አውልቄ ጠርጌያለሁ።

«መልካም ነው» አለች። «ከዚህ በፊት ያየሁት አንድ ሆስፒታል ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ማመልከቻውን መለስሁት። የሞላ ቤት ይህ ድጋፍ አይገባውም፤ በበሽተኛ ቁጥር ይከፈለዋል። ይህ የተሠራው ሰው ሳይበዛበትም በሩን መዝጋት ለማይችል ቤት ነው።»

የወንድሜ ልጅ ፊት አመድ መሰለ። ከመስኮቱ ውጪ የአናጺው ድምፅ «አሁን ገና ወገቤን የምር አመመኝ» ሲል ተሰማ።

ማመልከቻችን ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ ላስረዳ፤ አንባቢዬ ከዚህ ይማር ዘንድ እንጂ ለመኩራት አይደለም፤ ምንም እንኳ ጥቂት ብኮራም። የማታዋ ነርስ ደሞዟን በቀኑ ትቀበላለች። ነዳጅ አቅራቢው በር ላይ ቆሞ ባርኔጣ ማዞር ትቷል፤ አሁን ሲመጣ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። አዋላጇ አልተዛወረችም። በሽተኛ የሚቆየው መቆየት ያለበትን ያህል ብቻ ነው፤ የዳነውን አንድ ቀን ጨምር የሚለው የለም፤ ያልቻልነውንም ሳናመነታ አረጋግተን ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንልካለን። የሁሉ መሠረት አንድ ነው። ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ራሱ ሥራ እንደሆነና ዋጋው ሊተካ እንደሚገባ ሁለቱም ወገን፣ ከፋዩም ተከፋዩም፣ ሳይዋሽ መነጋገር ችሏል። ትንሽ መሆን አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ትንሽነትን ለመሸፈን ትልቅ መስሎ መታየት ነው።

የዝናቡ ወቅት ሲገባ፣ ድልድዩ በጎርፍ ተዘግቶ በነበረበት ሳምንት፣ የወንድሜን ልጅ ባለቤት ምጥ ያዛት። በዚያን ዕለት መኝታ ክፍሉ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አዋላጇ ነበረች፤ መብራቱ በርቶ ነበር፤ አልጋውም ተነጥፎ ነበር። ሴት ልጅ ተገላገለች።

እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው በሄዱ ዕለት ማለዳ ልጠይቃቸው ብመጣ፣ ቀድመውኝ ሄደዋል። በክፍሉ ውስጥ የነበረው የወንድሜ ልጅ ብቻ ነው። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ባለቤቱ የተነሣችበትን አልጋ በአዲስ አንሶላ እያነጠፈ ነበር።

«ሲስተር የለችም?» አልሁት።

«አለች። እኔ ላንጥፈው ብዬ ነው።»

ሲጨርስ ወደ አልጋው ቀርቤ አንሶላውን በመዳፌ ዳበስሁ። መካከሉ ላይ ጭምድድ ያለች ቦታ አገኘሁ።

«ይህ አልተነጠፈም» አልሁ።

ሳቀ። አንሶላውን ሙሉ በሙሉ ገለጠው፤ አራግፎ እንደገና ዘረጋው፤ እኔም ሌላውን ጫፍ ያዝሁለት። ሁለታችን ስንወጥረው ቀና ብሎ አየኝ፤ ከንፈሩን አልነከሰም።

«ጋሼ» አለ፣ «ተሳስቼ ነበር።»